ፍሬን የሌለው ተሳቢ አልፎ ፍሬን ያለው ለምን ይመለሳል?

ይድረስ፦ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ የተሽከርካሪ ምርመራ፣ ምዝገባና የመንገድ ደህንነት ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጎንደርና በአካባቢዋ በትንንሽ ተሳቢ ዕቃ የምናመላልስ ባለንብረቶችና ሾፌሮች፣ እንዲሁም ተሳቢዎቹን የምንሠራና የምንጠግን በያጆችና መካኒኮች ነን። ጄኔሬተር፣ ሚክሰር፣ ኮምፕረሰር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእህል መውቂያ፣ ውሃ የሞላ ሮቶ እንጭናለን። ከፒካፕ ወይም ከትራክተር ኋላ ተጎትቶ ሲሄድ የምታዩት እንዲህ ያለው ጭነት ብዙው የእኛ ነው። ጉዳያችን አንድ ብቻ ነው፤ የተሳቢ ፍሬን።

በቅርቡ በተደረገው ዓመታዊ ምርመራ ከመካከላችን በገዛ ገንዘባቸው ተሳቢያቸው ላይ ፍሬን ያስገጠሙት «ያለ ፈቃድ ለውጥ ተደርጎበታል» ተብለው ተመለሱ። ፍሬን የሌላቸው አለፉ። መብራታቸው ታየ፣ ጎማቸው ታየ፣ ታርጋቸው ታየ፣ ቦሎ ተሰጣቸው። ከተመለሱት አንዳንዶቹ ሥራ ሲቆምባቸው ጊዜ የገጠሙትን ፍሬን አስፈትተው ተሳቢውን እንደ ድሮው አድርገው በድጋሚ አቀረቡት። ያን ጊዜ አለፈ። ሰው ለደህንነት ብሎ የገጠመውን ለማለፍ ሲል ሲፈታ ዝም ብለን ማየት ስላልቻልን ነው ወደ አደባባይ የወጣነው።

ቅሬታችንን በየተራ እናቅርብ።

መጀመሪያ ክብደቱን እንመልከት። «ትንሽ ተሳቢ» ሲባል ቀላል ይመስላል። አይደለም። የጎንደርን የውሃ ችግር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ማራኪ አካባቢ ለግንባታ ውሃ የሚያመላልስ አንድ ባልደረባችን 2000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በተሳቢ ይጎትታል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ሮቶው ሲሞላ 2 ቶን ሆነ ማለት ነው፤ የተሳቢው ብረት ሳይቆጠር። የሚጎትተው ፒካፕ ራሱ ባዶውን 2 ቶን ቢመዝን ነው። የፒካፑ ፍሬን የተሠራው ለራሱና ጀርባው ላይ ለሚጫነው ዕቃ ነው። ከኋላ የሚገፋውን ሌላ 2 ቶን እንዲያቆም ማንም አላሰበውም። ሮቶው ግማሽ ብቻ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት ይመጣና ተሳቢውን እንደገና ይገፋዋል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ፒካፕ ብቻውን በደረቅ አስፋልት፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ሲያዝ 16 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል እንበል። የራሱን ያህል የሚመዝን ፍሬን አልባ ተሳቢ ሲጎትት ግን የፍሬኑ ጉልበት ያው ሆኖ የሚቆመው ክብደት እጥፍ ይሆናል። 32 ሜትር ይፈልጋል። ሾፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ የሚሄደው ርቀት ከዚህ ውጭ ነው። ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በርቀት ብቻ አያበቃም። ተሳቢው የፒካፑን ኋላ ወደ ጎን ገፍቶ መኪናውን ያጥፈዋል።

ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። የእኛ አገር ግን ሜዳ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሰሊጥ ሥራ ያለው እዚያ ስለሆነ መሣሪያችን የሚሄደው ወደዚያው ነው። በሰሜን በኩል የሚሠሩት ደግሞ ከደባርቅ ወጥተው ጣልያን በወረራው ዘመን የቆረጠውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ይወርዳሉ። 1 ቶን ክብደት 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። ከባድ ማርሽ ከፊሉን በሞተር ይይዝልናል። የቀረው የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የሁለቱንም ሙቀት የሚሸከመው ፒካፑ ብቻ ነው።

የዚህን ውጤት ባለፈው የመኸር ወቅት አይተነዋል። የእህል መውቂያ የጫነ ተሳቢ ከአይከል አልፎ ወደ ነጋዴ ባሕር ይወርድ ነበር። ሾፌሩ መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የሚወርደው። ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ፔዳሉ ላላ። ደጋግሞ ቢረግጠው ወለሉ ድረስ ገባ። የእጅ ፍሬን ሳበ፤ አልያዘም። በመጨረሻ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እሱም ረዳቱም ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናው ግን ተጎዳ፣ መውቂያውም ለወቅቱ ሥራ ሳይደርስ ቀረ።

ፒካፑ ወደ ጋራዥ ሲመጣ ምክንያቱን አገኘነው። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነበር። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከቆየና እርጥበት ከጠጣ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይታመቃል፣ ዘይት ግን አይታመቅም። ስለዚህ ሾፌሩ የረገጠው ጉልበት ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ የተሳቢውን ጎማ ፈታን። እዚህ ላይ ልብ በሉልን። ተሳቢው የተሠራው በከተማችን እንደሚሠሩት ብዙዎቹ ከአሮጌ ፒካፕ በወጣ የኋላ አክስል ነው። ታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ አለ። ውስጡ የፍሬን ሸራው አለ፤ ወፍራም ነው፣ ገና ብዙ የሚሠራ ነው። ሸራውን በዘይት ግፊት የሚከፍተው ሲሊንደርም አለ። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ግን በመጋዝ ተቆርጦ ጫፉ በመዶሻ ተጠፍጥፏል። ፍሬኑ እዚያው ጎማው ውስጥ ተቀምጦ ነው ያ ተሳቢ ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን የወረደው። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያሉ ተሳቢዎች ሞልተዋል። ማንም አያያቸውም፤ ምርመራው ጎማ ከፍቶ አያይማ።

ሁለተኛው ቅሬታችን መፍትሔው በእጃችን እያለ መንገዱ መዘጋቱ ነው። ለትንሽ ተሳቢ የሚሆን ፍሬን እንግዳ ነገር አይደለም። ከባድ መኪኖች ለተሳቢያቸው የሚጠቀሙት የአየር ፍሬን ለእኛ አይሆንም፤ ፒካፕ የአየር ማጠራቀሚያ የለውም። ሌሎች ሁለት መንገዶች ግን አሉ።

አንዱ በግፊት የሚሠራው ነው። የተሳቢው አንገት (ከፒካፑ ጋር የሚያያዝበት ብረት) ላይ የሚንሸራተት መያዣ ይገጠማል። ፒካፑ ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ያ ግፊት ራሱ መያዣውን አንሸራትቶ የፍሬን ዘይት የሚገፋውን ማስተር ይጫናል፣ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። በገመድ የሚሠራም አለ። ቀደም ብለን ያነሳነው የተቆረጠ ቱቦ ያለበት አክስል ላይ ይህን መግጠም የሚከብድ ሥራ አይደለም። ጉድለቱን ግን አንደብቅም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ያለማቋረጥ ይይዛል፣ ይግላል። ወደ ኋላ ሲሄዱም፣ ሸራው ለዚያ የተሠራ ካልሆነ፣ ፍሬኑ ተሳቢውን አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ለከተማ ሥራ ይመቻል፤ ለሊማሊሞ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሌላው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። ታምቡሩ ውስጥ ማግኔት አለ። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ጋቢና ውስጥ ካለች ትንሽ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ይሄድለታል። ማግኔቱ በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይለጠፍና አንድ ክንድ ይጎትታል፤ ክንዱ ሸራውን ይከፍተዋል። የዚህ ጥቅሙ ሾፌሩ የተሳቢውን ፍሬን እንደ ጭነቱ መመጠን መቻሉ ነው። ባዶ ሲሆን ይቀንሰዋል፣ ሲጫን ይጨምረዋል። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረም የእሱን ፍሬን ብቻ ለይቶ መያዝ ይችላል። ሆኖም ሽቦው የመብራት ሽቦ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ማግኔት 3 አምፒር ገደማ ስለሚስብ ወፈር ያለ መስመር ይፈልጋል። አይሱዙ ጎታች ለሆነባቸው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ናቸው፤ ማግኔቱ ግን ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። በቀጥታ ቢያገናኙት ይቃጠላል።

እነዚህን የምንዘረዝርላችሁ ሥራውን እንደምናውቀው እንድታዩልን ነው። አዘዞ የሚኖር አንድ ባልደረባችን የኤሌክትሪኩን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ገዝቶ አስገጠመ። የጎደለውን ከሶማሌ ተራ አሟላ። ለምርመራ ሲቀርብ «ይህ በመጀመሪያው ሰነድ ላይ የለም» ተባለ። ፈቃድ ከየት እንደሚያወጣ ጠየቀ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተላከ። የመጨረሻው መስኮት ለትንሽ ተሳቢ የሚሆን የለውጥ ፈቃድ ቅጽ እንደሌለ ነገረው። እንግዲህ የሌለ ቅጽ አምጣ ተብሎ ሰው ምን ያደርጋል? ያ ፍሬን ዛሬ ቤቱ ጥግ ላይ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ተሳቢው ቦሎውን አግኝቶ እየሠራ ነው።

መርማሪዎቹን መውቀሳችን አይደለም። በተሰጣቸው ቅጽ ነው የሚሠሩት። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዘዘው ግን ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ማቆም የማይችል ነገር ብቁ የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

ሦስተኛው ቅሬታችን ተሳቢ ከመኪናው ሲለይ የሚደርሰው አደጋ ነው። በከተማው መሃል አንድ ዳገት ላይ ጄኔሬተር የጫነ ተሳቢ የመያዣው ፒን ተቆርጦ ወደ ኋላ ወረደ። የአንድ ሱቅ የብረት በር ሰብሮ ነው የቆመው። እሑድ ጠዋት ስለነበር ሱቁ ዝግ ነው፣ ደጁ ላይም ሰው አልነበረም። በሌላ ቀን ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አታጡትም። ፍሬን ያለው ተሳቢ ለዚህ የራሱ መላ አለው። ከፒካፑ ጋር የታሰረች ቀጭን ገመድ አለች። ተሳቢው ሲለይ ገመዷ ትሳባለች፤ የተሳቢውም ፍሬን ወዲያው ይይዛል። የኤሌክትሪኩ ለዚህ የሚሆን የራሱ ትንሽ ባትሪ ይኖረዋል። ፍሬን የሌለው ላይ ገመዷ ምን ትጎትታለች? ሌላው ቢቀር ሁለት ሰንሰለት ከአንገቱ ሥር ተጠላልፎ ቢታሰር አንገቱ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ያም አልተጠየቀም፣ ያም አልነበረም።

የጥምቀትን ሰሞን አስቡት። ጄኔሬተርና ስፒከር የጫነ ተሳቢ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሕፃናት በጎማው አጠገብ ይሮጣሉ። ከየአገሩ የመጣ እንግዳ አለ። እኛ ሾፌሮች ያን ቀን የምንነዳው በጸሎት ነው። በፍሬን ብንነዳ ይሻላል።

አሁን ደግሞ በእናንተ በኩል ያለውን ስጋት እናንሳ፤ እኛም የምንጋራው ነውና። «ለውጥ ያለ ፈቃድ አይደረግ» የሚለውን መመሪያ አንቃወምም። መኖሩ ደግ ነው። ፍሬን በመጥፎ እጅ ሲገጠም ከሌለው ሊብስ ይችላል። ፍሬኑ የሚታሰርበት ክብ ብረት አክስሉ ላይ ሲበየድ ትንሽ ከተጣመመ ሸራው ታምቡሩን በአንድ በኩል ብቻ እየነካ ይሄዳል። ታምቡሩ ይግላል፣ የኩሽኔታው ግራሶ ቀልጦ ይፈስሳል፣ በመጨረሻ ጎማው ተነቅሎ ይሄዳል። አንዱ ጎማ ብቻ የሚይዝ ፍሬን ደግሞ ተሳቢውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ለይምሰል የተበየደ የፍሬን እጀታም አይተናል፤ ከኋላው ምንም የለም። ይህን የሚሠሩትን አንከላከልላቸውም። መጥፎውን ሥራ ከጥሩው የሚለየው ግን ፍሬኑን መመርመር ነው። ሁሉንም መመለስ መጥፎውንም ጥሩውንም እኩል አደረጋቸው።

ምርመራውም ቢሆን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተሳቢውን በክሪክ አንሱት። ጎማውን በእጅ አዙሩት። በነፃነት መዞር አለበት፤ ሸራው በጣም በስሱ ሲነካ ይሰማል፣ ያ ደህና ነው። ከዚያ ሾፌሩ ፍሬን ይርገጥ፤ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሌላኛውን ጎማ እንዲሁ። በግፊት ለሚሠራው መያዣው በእጅ ማንሻ ተገፍቶ ይታያል። ቀጥሎ የመለያያ ገመዷን ሳቡ፤ አሁንም ጎማው መያዝ አለበት። በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ጭነት ይዞ ቀስ ብሎ ይሂድና ይቁም። ይኸው ነው። የእኛ መካኒኮች ለሙከራ ጊዜ በነፃ ሊያሳዩ ዝግጁ ናቸው።

በዚህ መሠረት የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ፍሬን በመግጠማቸው ብቻ የተመለሱ ተሳቢዎች በድጋሚ ይታዩልን። ፍሬናቸው በትክክል የሚሠራ ከሆነ ይለፉ። ያስፈቱትም መልሰው ቢገጥሙ እንደማይመለሱ በጽሑፍ ይነገራቸው። ይህ አዲስ መመሪያ የሚፈልግ አይመስለንም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ቀጥሎ ለትንሽ ተሳቢ የፍሬን መግጠሚያ ፈቃድ የሚሆን አንድ ቅጽና አንድ መስኮት ይዘጋጅልን። ማን እንደገጠመው፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ለስንት ኪሎ እንደሆነ ይጻፍበት፤ የገጠመው ባለሙያም ይፈርምበት። ኃላፊነቱን እንወስዳለን።

ሦስተኛ፣ የክብደት ልክ ይቀመጥ። በአውሮፓ ተሳቢው ከነሙሉ ጭነቱ ከ750 ኪሎ ካለፈ ያለ ፍሬን መንገድ ላይ አይወጣም፤ በግፊት የሚሠራው ደግሞ እስከ 3500 ኪሎ ላለው ይፈቀዳል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ልኩን 3000 ፓውንድ፣ ማለትም 1360 ኪሎ ገደማ አድርገውታል። የእኛን ቁልቁለት ስናይ 750ው ይሻላል ባዮች ነን። ልኩ ሲወጣ ግን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አታቁሙብን። መለዋወጫ ጎንደር ውስጥ እንደልብ አይገኝም። በቂ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጠን፤ ከሁሉ በፊት በመተማና በደባርቅ መስመር የሚሠሩትና ውሃ የሚጭኑት ይጀምሩ።

የመያዣ ፒን ከነማገጃው፣ ሁለት ሰንሰለትና ለቆመ ተሳቢ የጎማ ታኮ ግን ጊዜ የሚሰጣቸው አይደሉም። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ከነገ ጀምሮ በምርመራም በመንገድ ላይም ይጠየቁ። ፍሬን ያለው ተሳቢ ደግሞ የመለያያ ገመዱ ይታይ።

በመጨረሻ መርማሪዎችን፣ በያጆችንና ሾፌሮችን በአንድ ግቢ የምታገናኙበት ቀን ይኑር። ተሳቢውን እኛ እናመጣለን። በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በእጃችሁ አዙራችሁ ወስኑ።

መልሳችሁን እንደዚህ ደብዳቤ በግልጽና በጽሑፍ እንጠብቃለን። የሚቀጥለው የመኸር ወቅት መውቂያዎቹ ወደ ቆላው መውረድ ከመጀመራቸው በፊት ቢደርሰን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር

በጎንደርና በአካባቢዋ የትንንሽ ዕቃ ጫኝ ተሳቢዎች ባለንብረቶችና ሾፌሮች፣ እንዲሁም ተሳቢ ሠሪ በያጆችና መካኒኮች

ግልባጭ፦
ለትራፊክ ፖሊስ አባላት
ለግንባታ ሥራ ተቋራጮችና ለመሣሪያ አከራዮች